ዜሮኛው ክር

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ ሰው ከኋላዬ ጠጋ ብሎ፣ «ይቅርታ ወንድም፣ ሰልፉ የሚቆጠረው ከአንድ ነው ወይስ ከዜሮ?» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው። ዞር ስል ዘይኑ ነው። ጢሙ ሸብቷል፣ ነጭ ኮፍያ ደፍቷል፣ ሆዱም ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ሳቁ ግን ያው ትከሻውን የሚያንቀጠቅጠው የድሮ ሳቁ ነው። ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ስንገጫጭ ሰልፉ ወደፊት ሄደ፣ እኛ ቀረን፤ ከኋላችን የነበሩት ቅር ያላቸው አይመስሉም። «ተወው፣ ታክሲ አይጠፋም» ብሎ እጄን ይዞ ማዶ ወዳለው ካፌ ወሰደኝ። ገና ማኪያቶው ሳይመጣ ግራ እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና እንደ ሐኪም አገላብጦ አየው። «እምቢ እንዳሉ ናቸው?» አለኝ። «እምቢ እንዳሉ ናቸው» አልኩት። ሦስቱን ጣቶቼን ማለቱ ነው።

ጣቶቼን ለማያውቅ ሰው ከመነሻው ልንገር። ድሮ ክራር መቺ ነበርኩ። ድሮ ስል ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምለየው በታክሲ ዋጋ ነው። ከ18 ማዞሪያ ጦር ኃይሎች በስልሳ አምስት ሳንቲም ይኬድ የነበረበት ጊዜ ነው። ማኪያቶም ከአንድ ብር ብዙ አይበልጥም ነበር፤ አሁን ዘይኑ የከፈለውን ብነግራችሁ ሆዳችሁን ያማችኋል። ያኔ ማዞሪያው ላይ የነበረው ካሴት ቤት ስፒከሩን ደጃፉ ላይ ያወጣል፤ ጎኑ ያለው ቡና ቤት ደግሞ እልህ ይይዘውና የራሱን ያወጣል፤ መሀል ላይ የቆመ ሰው በአንድ ጆሮው የፍቅር ዘፈን፣ በሌላው ጭፈራ እየሰማ ታክሲ ይጠብቃል። ጎረምሳው ሁሉ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ጂንስ ይለብሳል፣ ሴቶቹ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ኮት ይደርባሉ፤ ክረምት ሲገባ ጂንሱም ኮቱም እኩል ጭቃ ይሆናል። ዛሬም በዚያው አልፋለሁ። ፎቅ በፎቅ ላይ ሆኖ፣ ማዞሪያው ራሱ የት ጋ ይዞር እንደነበር ግራ ይገባኛል። ሰፈሩን አልወቅስም፤ እኔንም ቢሆን ያኔ የሚያውቀኝ ሰው ዛሬ ቢያየኝ የት ጋ እንደምዞር ግራ ይገባዋል።

የሰርግ ቡድን ነበረን። ቡድን ስል ብዙ አይደለንም፤ ዘፋኟ የሺ፣ አንድ ከበሮ መቺ እና እኔ። የሺ ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን ወፍራም ነው፤ አንዴ ድምጿን ከፍ ካደረገች ወጥ የሚጨልፉት ሴቶች ሳይቀሩ ጭልፋቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ በር ይመጣሉ። ሰፈርተኛው «እነዚህማ ይጋባሉ» ብሎን ነበር። አልተጋባንም፤ እሷም የልቧን አገባች፣ እኔም የልቤን። ግን እሷ ስትዘፍን ከጎኗ ተቀምጦ ክራር መምታት ከስንቱ ትዳር ይሻላል። ባለቤቴ ይህን ታነበዋለች፤ እሷም ስለምታውቀው አትቆጣም።

እንግዲህ ከጥምቀት በኋላ፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በተደራረበበት ሰሞን፣ ክራሬን ታቅፌ ከታክሲ ስወርድ ግራ እጄን በሩ ላይ ጥዬው ነበር። ረዳቱ አላየኝም፤ በሩን እንደ ልማዱ ገፍቶ ሦስት ጣቶቼን ሰበራቸው። ልጁ ከእኔ በላይ አለቀሰ፣ እኔው ነበርኩ የማባብለው። ክራሩ አንድ ነገር አልሆነም። ጣቶቼን ወጌሻም አያቸው፣ ሐኪምም አያቸው፤ ሁለቱ በምንም ነገር የማይስማሙ ሰዎች በእኔ ጣቶች ተስማሙ። አይታጠፉም አሉኝ። ቀኝ እጄ ደህና ነው፤ ግን ክራርን ቀኝ እጅ ብቻውን ቢገርፈው ስድስቱም ክር ባንድ ላይ ይጮሃል፤ የማይፈለገውን ክር አፍኖ የሚፈለገውን የሚለቀው ግራው ነው። ግራ የሌለው ክራር መቺ ምላስ እንደሌለው ዘፋኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ይሻለኛል» እላለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ክራሩን ግድግዳ ላይ እያየሁ አለቅስ ነበር። አሁን ለመናገር አላፍርም።

የሺ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ከእናቴ ጋር ስለ ዘይትና ስለ ሽንኩርት ካወራች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። «ታዴ፣ ሁዳዴ ሊገባ ነው። ሰርግ የለም፣ የሚያቻኩለን የለም። እስከ ዳግም ትንሣኤ እጠብቅሃለሁ።» ዳግም ትንሣኤ ማለት ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ያለው እሑድ ነው፤ ጾሙ ሲፈታ ድንኳኑ ሁሉ ባንድ ቀን የሚተከልበት። «ከዚያ በኋላ ግን እኔም የምጦራት እናት አለችኝ፣» አለችኝ፣ «ሌላ ክራር ያለው ሰው ማየቴ ነው። እንዳትቀየመኝ።» አልተቀየምኳትም። እውነቷን ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ የምትጠብቀኝ ሰው ማግኘቴም ቀላል ነገር አልነበረም። ግን ከጎኗ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሲመታላት ሳስበው ጣቶቼ ከተሰበሩበት ቀን የበለጠ አመመኝ።

ዘይኑን ያገኘሁት በዚያ ጾም መጀመሪያ ነው። 18 ማዞሪያ ላይ ወንድሙ ጨርቅ ይሸጣል፤ እሱ ከጨርቁ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ሬድዮና ቴፕ ይጠግናል፤ ከጥገናው ባገኘው ደግሞ ኮምፒውተሮች ገዝቶ በሩ ላይ «የኮምፒውተር ማሰልጠኛ» ብሎ ለጥፏል። ኮምፒውተሮቹን እናቱ በኪሮሽ ሠርታ አልብሳቸዋለች፤ ሲከፈቱ ልብሱ ይገለጣል፣ ሲዘጉ ተመልሰው ይሸፈናሉ። ወደ ክፍሉ በጫማ አይገባም። አቧራ የኮምፒውተር ጠላት ነው ተብሎ ሁሉም ሰው ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ ይገባል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የዋለ ስንት ሰው አለ፤ የዚያን ክፍል ሽታ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ የሚያቆይልኝ ቢኖር ዛሬ በገዛሁት። እኔ የሄድኩት የተበላሸ ቴፔን ላሠራ ነበር። ዘይኑ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጭ ብሏል፤ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ጢን ጢን የሚል ቀጭን ድምፅ ይወጣል፣ ዜማ ነው። እጁን አየሁት፤ ሻይ ይዟል።

«ይሄን ማነው የሚመታው?» አልኩት።

«ማንም አይመታውም። ጽፌለት ነው።»

ጽፌለት ነው። ይህች ቃል ገባችብኝ። ዜማ ይዘፈናል፣ ይመታል፣ ይነፋል እንጂ ለካ በአንድ እጅም መጻፍ ይቻላል። «ለክራርም ይጻፍለታል?» አልኩት። ዘይኑ ግራ እጄን አየና «ጫማህን አውልቅ» አለኝ።

ማስተማሩን የሚችልበት ሰው ነው፣ ትዕግሥቱ ግን እንደ መብራታችን ነው፤ ድንገት ይሄዳል። ኮምፒውተር ያላዘዝከውን አይሠራም፣ ያዘዝከውን ግን ስህተት ቢሆንም ይሠራዋል፤ እያለ ይደጋግምልኛል። እንግሊዝኛው አስቸገረኝ፤ ሐሳቡ ግን ብዙም አላስቸገረኝም። «ይህን መስመር ስምንት ጊዜ ድገም» የሚለው ትእዛዝ የሰርግ ዘፈን ተቀባዮች ሥራ ነው። «እንዲህ ከሆነ ይህን ሥራ፣ ካልሆነ ያን» የሚለውም ድንኳን ውስጥ ያደግሁበት ነገር ነው፤ ሚዜዎቹ ከተነሡ ጭፈራው ይፈጥናል፣ ካልተነሡ ይለሳለሳል። ዘይኑ ይገርመውና «ወላሂ ይሄን ነገር ዲግሪ ያለው ሰው ሳምንት ፈጅቶበታል» ይለኝ ነበር። ዲግሪ ያለው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ለማበረታታት ያለው ይመስለኛል። መብራት የሚሄደው ደግሞ ሁልጊዜ ልክ ጽፌ ልጨርስ ስል ነው። ያልተቀመጠ ሥራ እንዳለ ይጠፋል። ዛሬ በየስልኩ ነገሩ ራሱን በራሱ ሲያስቀምጥ ሳይ፣ የዛሬ ሰዎች ምን ያህል እንደተቀማጠሉ አያውቁም እላለሁ።

ድምፁ ከሌላ ቦታ እንዲመጣ አልፈለግኩም፤ ጢን ጢን የሚለው የኮምፒውተር ድምፅ ለየሺ አይመጥንም። ስለዚህ ክራሬን ከግድግዳ አወረድኩና በትዝታ ቅኝት ቃኝቼ ወሰድኩት። ከተማው ጸጥ ባለበት በእሑድ ማለዳ፣ የሱቁን በር ዘግተን፣ እያንዳንዱን ክር ለየብቻው በቀኝ ጣቴ እየነካሁ ዘይኑ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተሩ ቀዳው። ስድስቱን ክሮች በተራ ደረደራቸው። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ የክሩን ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው፤ ሦስትን ስጽፍ ሦስተኛው ክር ይጮኻል ማለት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። የተጣላነው እዚህ ላይ ነው።

«ኮምፒውተር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው» አለኝ። «ስለዚህ የመጀመሪያው ክር ዜሮኛው ይባላል።»

«ዜሮኛ የሚባል ክር ክራር ላይ የለም።»

«እዚህ ላይ አለ።»

«ዜሮ ማለት እኮ የለም ማለት ነው፣ ዘይኑ! የሌለ ክር እንዴት ይመታል?»

«አንተ ልጅ፣ ጣት የሌለው ሰው ከመታ፣ የሌለ ክር ምን ያቅተዋል?» ብሎ ጮኸብኝና ወዲያው ደነገጠ። ክፉ ቃል ያመለጠው መሰለው። እኔ ግን ካደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። እሱም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ በሰላም ተቀመጥኩና የዘፈኑን ቁጥር ሁሉ ወረቀት ላይ እያወጣሁ ከእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቀነስኩ፤ ሁለት የነበረው አንድ፣ ሦስት የነበረው ሁለት እየሆነ። ዘፈኑ የሺ ሙሽሪትን ስትሸኝ የምትዘፍነው ነው፣ ሆድ የሚያባባው፤ የመጀመሪያውን ክር ጨርሶ አይነካም።

ከሆሳዕና በፊት የሺ ልትሰማው መጣች። ደጅ ላይ ጫማ አውልቂ ስትባል፣ «እንዴ! ካልሲዬ እኮ ቀዳዳ ነው፣ ቀድማችሁ አትነግሩኝም?» ብላ በአንድ እግሯ እየዘለለች ገባች። ዘይኑ ወንበር አቀረበላት፣ ኪሮሹን ገለጠ፣ አስጀመረው። የእኔ ክራር ድምፅ ነው፤ የእኔ ክራር፣ ያለ እኔ እጅ። የሺ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልትገባበት ትንፋሽ ወስዳ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ታዴ፣ ይሄ እኮ ባቲ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። በትዝታ የተቃኘ ክራር፣ ትዝታ ብዬ የጻፍኩት ዘፈን፣ ጥርት ብሎ ሌላ ቅኝት፣ ባቲ ሆኖ ይወጣል። በቀን ጅብ ያየሁ ያህል ደነገጥኩ። ነገሩን ስንፈልግ ቆይተን ደረስንበት፤ ለካ ዘይኑ በዜሮው እንዳልቸገር ብሎ፣ ሳይነግረኝ፣ ከማስገባው ቁጥር ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ አንድ እንዲቀንስ ጽፎለት ኖሯል። እኔም ቀንሻለሁ፣ እሱም ቀንሷል። ዘፈኑ በሙሉ አንድ ክር ወደ ታች ወርዶ፣ ያን የማይነካውን ዜሮኛውን ክር መነሻ አድርጎታል። ክራር የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ክሮቹ እነዚያው ናቸው፣ መነሻው አንድ ክር ሲንሸራተት ግን የቅኝቱ ጠባይ ይለወጣል። ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን ስናስብ ሙሽሪቱን ወደ ሌላ አገር ልንድራት ነበር። የሺ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዘይኑ የእሱን አጠፋው፣ እንደገና አስጀመርነው፤ ትዝታ ሆነ።

ዘፈነች። ሁለት ስንኝ ሄደች፤ ሦስተኛው ላይ ቆመች፤ ክራሩ ግን መሄዱን ቀጠለ። እንደገና ከመጀመሪያው አልን። አሁንም ሦስተኛው ላይ ጥሏት ሄደ። ዘይኑ ቶሎ ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰው፤ ለውጥ የለም። የሺ ቁጭ አለች፤ አልሳቀችም። «ፍጥነቱ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አይጠብቀኝም። ታዴ ይጠብቀኝ ነበር። ስንኙን ሳስረዝም ያስረዝማል፣ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ዝም ይልልኛል። ይሄ ግን… ደግ ነው፣ ድምፁም ያምራል። ግን ከእሱ ጋር ስዘፍን ብቻዬን ነኝ።» ካልሲዋን አይታ ጫማዋን አደረገችና «ለዳግም ትንሣኤ አንድ ክራር መቺ አነጋግሬያለሁ፣ እስካሁን እሺ አላልኩትም» ብላ ሄደች።

ያን ቀን ታክሲ አልያዝኩም። ከማዞሪያው እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። አዝኜ ነበር፣ በጣም አዝኜ ነበር፤ ግን ከሐዘኑ ሥር አንድ ሌላ ነገር ይነካካኛል። ይህን ሁሉ ወር የማለቅሰው ለጣቶቼ ነበር። የሺ ግን ስለ ጣት አንድ ቃል አልተናገረችም። የጎደላት የሚጠብቃት ነው። ያን የማደርገው በምን ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። በጣቴ አይደለም። ስትዘፍን አንገቷን አያለሁ፤ ትንፋሽ ስትወስድ አንገቷ ሥር ያለችው ጉድጓድ ትገባለች፣ እሷ ስትገባ እኔ ክሩን እለቃለሁ። ለዚህ ዓይን ይበቃል። ዓይኔ ደግሞ ደህና ነው።

በነጋታው የሱቁ በር ሳይከፈት ደጅ ቆሜ ዘይኑን ጠበቅኩት። «አንድ ስንኝ ተጫውቶ፣ እኔ ቁልፍ እስክነካ ድረስ ዝም እንዲል ማድረግ ይቻላል?» አልኩት። ዘይኑ መክፈቻውን ይዞ ቆመና እንደ እብድ አየኝ። «ይሄ ነው ያሳደረህ? ከሁሉ ቀላሉ ትእዛዝ እኮ እሱ ነው። ጠብቅ ትለዋለህ፣ ይጠብቃል።» ቀላል ነው ያለው ነገር የሕማማትን ሳምንት በላብን። ዘፈኑን በስንኝ በስንኝ ቆራረጥኩት፤ ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ረጅሙን ቁልፍ ስነካ ብቻ ነው። ለዚያ አንድ ጣት ይበቃል። የሺ ፋሲካ ማግስት መጥታ ሞከረችው፤ እኔ አንገቷን እያየሁ፣ በቀኝ ጣቴ እየጠበቅኳት። ስትጨርስ ጫማዋን አደረገች። ወደ ደጅ ስትወጣም ዘይኑን «ያ ያነጋገርኩት ክራር መቺ ይቅር» አለችው፣ እኔን ሳይሆን እሱን፣ እኔን ማየት ስላልቻለች።

የዳግም ትንሣኤው ሰርግ ዘነበወርቅ ሰፈር ነበር። ኮምፒውተሩን በኮንትራት ታክሲ ወሰድነው፤ ሞኒተሩን ዘይኑ ከነኪሮሹ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። እኔ እንደ ድሮዬ ጥለት ያለበት ነጭ የሀገር ልብሴን ለብሻለሁ። ጠረጴዛ አምጥተውልን ስንዘረጋ የሙሽሪት አጎት የሆኑ አዛውንት ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ቴሌቪዥን ምንድን ነው? ፊልም አለ እንዴ?» አሉ። ዘይኑ «የለም አባባ፣ ዘፈን ነው፣ አሁን ይሰሙታል፣ ይቀመጡ» አላቸው። አልተቀመጡም፤ እኛን አላመኑንም፣ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ጭፈራው በከበሮ አለፈ። ሙሽሪት ልትሄድ ስትል የሺ ወደ እኔ አየች፤ ጀመርን። አንድ ስንኝ፣ ሁለት ስንኝ፣ እሷ ትንፋሽ ስትወስድ እኔ እነካለሁ። ሦስተኛው ላይ የሙሽሪት እናት ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ የሺም አብራ ባባች፣ ድምጿ ቆመ። ኮምፒውተሩም ቆመ። ድንኳኑ ዝም አለ። ሰው ሁሉ መብራት የሄደ መስሎት ወደ አምፖሉ ይመለከታል፤ ዘይኑ ገመዱ የተነቀለ መስሎት ጠረጴዛው ሥር ሊገባ ጎንበስ አለ። በግራ እጄ፣ በዚያችው ጣቶቿ በማይታጠፉት እጄ፣ ትከሻውን ይዤ አስቀረሁት። ጠበቅኳት። ረጅም ነበር። አንገቷ ሥር ያለችው ጉድጓድ ገባች፤ ነካሁት። ክራሩና ድምጿ እኩል ወጡ። ጓዳ የነበሩት ሴቶች ጭልፋቸውን ይዘው ድንኳኑ በር ላይ ቆመው አየኋቸው።

የሰርግ ዘፋኝ ሥራዋን ስትጨርስ አጃቢዎቿን ለሰርገኛው ማስተዋወቅ ወግ ነው። የሺ ማይኩን አንሥታ ከበሮ መቺውን በስሙ ጠራችው፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ምን ብላ እንደምትጠራኝ አላውቅም ነበር። «በኮምፒውተር» ትላለች ብዬ አሰብኩ፤ ይገባታልም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው እሱ ነው። እንዲህ ከጠራችኝ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክራር መቺ ሳይሆን የኮምፒውተር ሰው ነኝ። ዓይኔን ወደ ኪሮሹ ጣልኩ።

«በክራር፣» አለች የሺ፣ «ታደሰ!»

ድንኳኑ አጨበጨበ። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ክራሩን ጠረጴዛው ሥር ይፈልጋሉ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።